የሠላሳ አንድ ቁጥር እንግዳ

ሽጉጡ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ዝም አለ።

አርባ ስምንት አንገት በአንድ ጊዜ ተሰገገ። በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ጸጥታ ወርዶ አያውቅም፤ በፈተና ቀን እንኳ የሚንሾካሾክ አይጠፋም። መስኮቱ ላይ ጥዝ ስትል ያረፈደችው ዝንብ ሳትቀር ነገሩ ገብቷት ክንፏን ሰብስባ ቁጭ አለች።

«ዚንክ» አሉ እትዬ ሚሊዮን፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ዚንክ ከሚሊዮን... ቆይ እስቲ። ይሄን መሣሪያ ነካ አደረገው እንዴ?»

ሽጉጡን ከአፈር ከረጢቱ ላይ አንስተው እንደገና አስደግፈው ተኮሱ። ሽጉጥ ይባል እንጂ ሰው አይገድልም። መያዣውና አፈሙዙ ሽጉጥ ስለሚመስል ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው። የማይታይ ጨረር ወደ አፈሩ ይልካል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ «እኔ ብረት ነኝ፣ ይህን ያህል ነኝ»፣ «እኔ መዳብ ነኝ፣ ጥቂት ነኝ» እያለ በየተራው ይመልስለታል። እንደ ሽጉጡ ሰው የሚያናዝዝ መርማሪ ቢኖር ኖሮ እስር ቤቶች በሳምንት ሞልተው በፈሰሱ ነበር።

ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው።

«ከሚሊዮን ሁለት ሺህ መቶ አርባ!» አሉ እትዬ ሚሊዮን። ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጠነ። «የጎረቤቶቹ ሁሉ ሰባ፣ ሰማንያ ነው። ይሄኛው ሁለት ሺህ መቶ አርባ! ሠላሳ አንድ ቁጥር የማን ናሙና ነው?»

ሮኬት እጇን አወጣች።

ሮኬት የተባለችው ማንኛውንም ነገር ከሰው ሁሉ ቀድማ ስለምትጨርስ ነው። የሂሳብ መምህሩ የፈተና ወረቀት አድለው ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ እሷ ጨርሳ ትወጣለች ይባላል፤ መልሱ ልክ መሆን አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ምሳዋን ሌሎች እጃቸውን ሲታጠቡ ትጨርሳለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት በግማሽ ቀን ጨርሳዋለች ብለው የሚምሉ አሉ።

እትዬ ሚሊዮን ደግሞ ስማቸው የወጣላቸው በሀብት አይደለም። ጫማቸውን ያየ ሰው እንደዚያ አይጠረጥርም፤ ተረከዙ ተበልቶ ተበልቶ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል፣ ሦስት ተራራ የፈጨ ጫማ ነው። ሴትዮዋ ጂኦኬሚስት ናቸው፤ ድንጋይ፣ አፈርና ውሃ ከምን ከምን እንደተሠሩ፣ ያም ነገር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሲመረምሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ልኬታቸው ሁሉ «ከሚሊዮን» ነው። «መዳብ፣ ከሚሊዮን ሃምሳ። እርሳስ፣ ከሚሊዮን አሥራ አራት» ይላሉ። አንድ ሚሊዮን ግራም አፈር ብትሰፍሩ ሃምሳው ግራም መዳብ ነው ማለታቸው ነው። እናም እትዬ ሚሊዮን ሆነው ቀሩ። ስሙን ሲሰሙት ሳቁና «ባንኩም እንደናንተ በጠራኝ» አሉ።

መጀመሪያ ቀን፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የኬሚስትሪ መምህርቷ ወደ ክፍል ይዘዋቸው ሲገቡ፣ እትዬ ሚሊዮን ከኪሳቸው አንድ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኦክስጅን ነው» አሉ።

«ታዲያ እንተንፍሰዋ!» አለ ከኋላ ወንበር ቀልደኛው። ቀልደኛው የክፍሉ አፍ ነው፤ ሌላው የሚያስበውን እሱ ይናገረዋል።

«ሞክረው የኔ ልጅ። ጥርስህን ግን አደራ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ከሩብ የሚበልጠው ሲሊከን ነው። ከዚያ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዥየም። ስምንቱ ተደምረው የምድርን ቅርፊት ከሞላ ጎደል ጨረሱት። የቀረው ሁሉ፣ ሰው የሚጣላበት መዳቡም ብሩም፣ በፍርፋሪው ውስጥ ነው የሚገኘው። ወርቅማ ከሚሊዮን አይቆጠርም፤ ከቢሊዮን ነው፣ ያውም በጣት። ምድር ገና ቀልጣ ሳለች ከባዱ ብረት ቁልቁል ሰጠመ፣ ቀላል ቀላሉ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። «እኛ» አሉ በተበላው ጫማቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ፣ «ምድር ስትፈላ ላይዋ ላይ በቀረው አረፋ ላይ ነው ሀገር መሥርተን፣ ቤት ሠርተን፣ ፈተና የምንፈተነው።»

ዝናቡ ድንጋዩን እየላሰ ጨዉን ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ባሕር እንደሚያጋዘው ነገሯቸው። ደማቸውን የሚያቀላው ብረትና አጥንታቸውን ያጠነከረው ካልሲየም ከዚያው ከድንጋይ ተነሥቶ፣ በአፈር በኩል፣ በቅጠል በኩል ዞሮ ሳሕናቸው ላይ እንደደረሰ ነገሯቸው። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሣም። ሮኬት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እንዳያልቅ ተመኘች። ቤት ገብታ ከደጅ አንድ ጠጠር አንሥታ ላሰችው። እናቷ በመስኮት አይታ «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» ስትላት «ጂኦኬሚስትሪ ነው» አለች፤ እናትየዋም በሽታው እንዳይተላለፍ ታናሽ ወንድሟን ወደ ጓዳ አስገባችው።

አሁን እኚያ ሴትዮ ከፊቷ ቆመው፣ ከረጢቷን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ያዩዋታል።

«እንዲህ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ የቆመ ቁጥር እኛ ቤት ‹እንግዳ› ይባላል» አሉ። «እንግዳ ደግሞ ሰተት ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ‹ከየት መጣህ?› ይባላል። እናም እጠይቃለሁ። የኔ ልጅ፣ ይህን አፈር ከየት ነው ያነሣሽው?»

«ከኮረብታው ጫፍ» አለች ሮኬት። «ከችካሉ አጠገብ።»

«አጠገቡ ቤት? መንገድ? አጥር?»

«ምንም የለም።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ሙጫ ምራቋን ስትውጥ እስከ ጥቁር ሰሌዳው ተሰማ። ሙጫ የሮኬት የልብ ጓደኛ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው ስለማያውቁ ነው ሙጫ የተባለችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እትዬ ሚሊዮን የትኛው አፈር ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠሩ አካባቢውን አርባ ስምንት ቦታ ከፍለው፣ በየቦታው ችካል ተክለው፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት ቁጥር አደሉ። ለሮኬትና ለሙጫ ሠላሳና ሠላሳ አንድ ደረሳቸው። ሠላሳ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ እሱን በሥርዓቱ አንድ ስንዝር ቆፍረው፣ በፕላስቲክ አካፋ ዝቀው ወሰዱ። ሠላሳ አንድ ግን ኮረብታው አናት ላይ ነው። ፀሐይዋ ያን ቀን ሰው ለመጥበስ ቆርጣ የወጣች ነበረች። ሮኬት ቀና ብላ ኮረብታውን አየችው፤ ኮረብታውም ቁልቁል አያት። «አፈር አፈር ነው» አለች። የነሮኬት ቤት መንገድ ላይ ነው፤ ገቡ። ጓሮ፣ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ያለው አፈር ዝናብ ሲወርድበት ስለከረመ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነበር። በሁለት ደቂቃ ከረጢቱ ሞላ። ካርዱ ላይ «ከችካሉ አጠገብ፤ በአቅራቢያ ምንም የለም» ተብሎ ተጻፈ። እጅ ጽሑፉ የሙጫ ነው፣ ቃሉ የሮኬት።

«እንግዳውን ያመጣ ያስተናግደዋል» አሉ እትዬ ሚሊዮን፣ ፊታቸው በርቶ። «በዕረፍቱ ወር ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ለአንድ ተማሪ ቦታ አለኝ። ይቺ ልጅ ትመጣለች። ቅዳሜ ደግሞ ሁላችንም ኮረብታው ላይ ወጥተን ከሥር ምን እንዳለ ቆፍረን እናያለን!»

ጭብጨባው ግድግዳውን ገፋው። ሮኬት አብራ አጨበጨበች፤ ለማን እንደምታጨበጭብ ግን አላወቀችም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ጓሮ ተቀምጦ የተጣመመ ቆርቆሮ በመዶሻ ያቃናል። አባቷ ጣሪያ ሠሪ ነው። በዚያ ሰፈር እሱ ያልመታው ጣሪያ ቢኖር የሰማዩ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ዚንክ ምንድን ነው?»

«ዚንክ? የሥራ ባልደረባዬ ነዋ!» አለና ሳቀ። «ነይ ተመልከቺ። ቆርቆሮ ውስጡ ብረት ነው። ባዶውን ቢሆን ዝናብ በዓመቱ አዝጎ እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል። ስለዚህ ፋብሪካ ላይ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነክሩታል። ዚንኩ ከፊት ቆሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። እንዲህ ያለ ወንድም ማን አለው!» በመዶሻው ወደ ላይ ጠቆመ። «የኛን ጣሪያ አንቺ ሳትወለጂ ነው የመታሁት። ያኔ መስተዋት ነበር፤ ወፍ ራሷን እያየችበት ስትዋብ ትውል ነበር። ዛሬ እይው፣ አመድ መስሏል።»

«ታዲያ ዚንኩ የት ሄደ?»

«ዝናቡ ላሰዋ! የት ይሄዳል? ወርዶ ወርዶ...» መዶሻው ከጣሪያው ጠርዝ ቀስ ብሎ ወረደና መሬቱ ላይ፣ ጠብታው በቦረቦረው መስመር ላይ ቆመ። መስመሩ መሐል ስንዝር የምታህል ጉድጓድ አለች። «ይቺን ደግሞ ማን ቆፈራት? ድመቷ ናት?»

ሮኬት ጉድጓዷን ቆማ አየቻት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከራሷ በላይ ያለው ዚንክ እንዲህ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲወርድ፣ እሷ ከሥሩ ተኝታ ድምፁን ስትሰማ ኖራለች። ድንቅ ነገር ነው። ይህን ድንቅ ነገር ለማን እንደምትነግረው ወዲያው አወቀች። ለእትዬ ሚሊዮን ነው፤ ለእሳቸው ግን መንገር እንደማትችልም ወዲያው አወቀች።

በማግስቱ ለሙጫ ነገረቻት።

«ወይኔ!» አለች ሙጫ። ከዚያ አሰበችና «እና ምን ይጠበስ? ቅዳሜ ይቆፍራሉ፣ አያገኙም፣ ይረሳል። በቃ!»

«በካርታው ላይ ግን ይገባል እኮ።»

«አንዲት ቁጥር! ከአርባ ስምንት አንዷ ብትሳሳት ምድር ትገለበጣለች? ስሚኝ ፍሬንድ፣ ከተናገርሽ ቤተ ሙከራው ቀረብሽ። ‹አጭበርባሪዋ› ትባያለሽ። እኔም አብሬሽ። በናትሽ ዝም በይ።»

ሮኬት ዝም አለች። ዝምታውን ግን እንደሌላው ነገር ቶሎ መጨረስ አልቻለችም፤ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን አብሯት ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጣ። እትዬ ሚሊዮን ከሁሉም ፊት ነበሩ፤ አካፋ በትከሻ፣ ሽጉጥ በወገብ፣ እንደ ጦር አዝማች። ልጆቹ እያለከለኩ ሲደርሱ እሳቸው ከችካሉ አጠገብ ተንበርክከው ሣሩን እየገለጡ ነበር። አንድ ቁንጥር አፈር አንሥተው አሸተቱ፣ በጣታቸው አሹት፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት። አፈር ሲቀምስ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው ያየ የለም።

«እሺ፣ የተከበርክ እንግዳ» አሉ። «ብቅ በልና እንተዋወቅ።»

ስንዝር ቆፍረው ተኮሱ። ዚንክ፣ ከሚሊዮን ሰባ አንድ።

ከችካሉ ወደ ቀኝ ቆፈሩ። ስልሳ ስድስት። ወደ ግራ፣ እስከ ክንድ ድረስ። ሰባ አራት። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ቀልደኛው አካፋውን ልቀበልዎ ብሎ ለመናቸው፣ ሰጡት፣ እሱም ቆፈረ። ስልሳ ዘጠኝ።

እትዬ ሚሊዮን የሠላሳ አንድ ቁጥርን ከረጢት ከቦርሳቸው አውጥተው እዚያው ተኮሱት። ሁለት ሺህ መቶ ሠላሳ ስምንት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ከረጢቱንና ጉድጓዱን ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩ።

«ልጆች፣ ቀረብ በሉ» አሉ በመጨረሻ። «መሣሪያው ልክ ነው፤ ሁለቱንም አሁን ለክተነዋል። ምድሩም ልክ ነው፤ ምድር ሐሳቧን በሳምንት አትቀይርም። ልጅቷ ከዚሁ ከችካሉ አጠገብ መውሰዷን ነግራናለች። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ምን አደረጉ እትዬ?» አለ ቀልደኛው፤ ለአንዴ አልቀለደም።

«ከረጢቶቹን ያደልኳችሁ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር እነሱ በነበሩበት ሣጥን የዚንክ ማዕድን ዱቄት ጭኜ ነበር። ያጸዳሁት መስሎኝ ነበር፤ አላጸዳሁትም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ የጀማሪ ስሕተት ሠራሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ያሉት ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ነው፤ ሰዓት ስንት ሆነ እንደሚል ሰው። «ከረጢቶቹ ሁሉ ከአንድ ሣጥን ስለወጡ አንዱንም ማመን አይቻልም። አርባ ስምንቱንም እጥላቸዋለሁ። ካርታው ቀርቷል።»

ልጆቹ ላይ የወረደው ነገር ከሐዘን ሌላ ስም የለውም። ቀልደኛው ለአሥራ ሁለት ቁጥር ወንዙን እስከ ወገቡ ተሻግሮ ነበር። ከፊት የምትቀመጠዋ ዝምተኛ ልጅ ውሻ አባሯት እንኳ ከረጢቷን አልጣለችም። ሁሉም በየድንጋዩ ላይ ቁጭ፣ ቁጭ አሉ። እትዬ ሚሊዮን ፊታቸውን አዙረው የቆፈሩትን ጉድጓድ መልሰው መድፈን ጀመሩ።

ሙጫ የሮኬትን ክንድ ያዘች። «ሰማሽ? ‹ሣጥኑ ነው› አሉ እኮ!» አለች በሹክሹክታ። «በራሳቸው አፍ! ማንም አይጠረጥርም። ተርፈናል!»

ሮኬት የሴትዮዋን ጀርባ አየች። አካፋው ይወጣል፣ ይወርዳል። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ያላጠፉትን ጥፋት አንሥተው ትከሻቸው ላይ አድርገውታል፤ ያደረጉትም የእሷን ቃል ስላመኑ ብቻ ነው። ክንዷን ከሙጫ እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀችና ሄደች። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ ሣጥንዎ ንጹሕ ነው።»

አካፋው ቆመ።

«ወደዚህ አልወጣሁም። አፈሩ ከጓሯችን ነው። ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር።»

እትዬ ሚሊዮን ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ሮኬት ማየት አልፈለገችም፣ ግን አየችው። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ሁለቴ።»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሴትዮዋ አካፋቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ ራሳቸውን መግታት እንዳቃታቸው ሁሉ፣ «ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ከኔ ይበልጣል። አሥራ ስድስት ይሆናል። አባቴ ነው የመታው፤ ያኔ መስተዋት ይመስል ነበር አለኝ። ዝናቡ ዚንኩን እየላሰ...»

«እየላሰ አውርዶ ጠብታው መስመር ላይ አከማቸው» ብለው ጨረሱላት። «ከመስመሩ ክንድ ያህል ብትርቂ ምን ያህል ይቀንሳል? ከሥርስ? ለክተሽዋል?»

«በምን ልለካው?»

«እሱም እውነት ነው።» ፈገግ አላሉም፤ ግን ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ነገር ነቃ አለ። «ቁጥሩ ልክ ነው ማለት ነዋ። አድራሻው ነው ሐሰት።»

«ቤተ ሙከራው...» አለች ሮኬት። «ቦታውን ለሌላ ልጅ ይስጡት።»

«እሱን ለብቻችን እንነጋገርበታለን። የሚቀል አይምሰልሽ።» ወደ ልጆቹ ዞር ብለው አዩ። «አሁን ግን አርባ ሰባት ከረጢት ተርፏል፣ ባለቤቶቹም ሞቱብን ብለው ለቅሶ ተቀምጠዋል። እኔ ልንገራቸው ወይስ አንቺ?»

ሮኬት ወደ ልጆቹ ተመለከተች። ቀልደኛው ጠጠር እየለቀመ ቁልቁል ይወረውራል። ዝምተኛዋ ልጅ ጉልበቷን አቅፋለች። ሙጫ ቆማለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እትዬ ሚሊዮን ጠበቁ። አላጣደፏትም።

«እኔ» አለችና ሁሉም ሊያያት ወደሚችልበት ከፍ ወዳለው ቦታ መራመድ ጀመረች።